ፀሐይ የሌለበት ኢካሩስ

ይድረስ ለእናንተ፣ ለወጣት የዲዛይንና የሥዕል ተማሪዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል አንድ በአንድ በእጅ ከሚለቀምበት ዘመን ተነስቼ፣ ፊልሙንም ፕሌቱንም አልፌ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደርሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ልጆች ሥራቸውን በስልክ ይዘው ይመጣሉ። "ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ" ይላሉ። አያለሁ። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። እኔ በእነሱ ዕድሜ ያልነበረኝ እጅ አላቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ሥራው ላይ የሌለ ነገር የለም።

የካፌ ሎጎ ነው እንበል። ጀበና አለ። ሲኒ አለ። ጭስ አለ። የቡና ፍሬ አለ፣ ቅጠሉም አለ። ከላይ ፀሐይ ትወጣለች። ከጀርባ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ የአክሱም ሐውልት ቆሟል። "ምን ልጨምርበት?" ይሉኛል። "የቱን ላውጣ?" ያለኝ ልጅ ግን አላስታውስም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማውጣት ልጻፍላችሁ። እንዲሁ በባዶው ብመክር ስለሚደርቅባችሁ በአንድ ህትመት በኩል እሄዳለሁ። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የአንሪ ማቲስ "ኢካሩስ" ይባላል። ስልካችሁ ላይ ፈልጉትና ክፈቱት። እያያችሁ አንብቡ።

አገኛችሁት? መደቡ ደማቅ ሰማያዊ ነው። መሃል ላይ ጥቁር የሰው ቅርጽ አለ። ፊት የለውም፣ ጣት የለውም፣ ልብስ የለውም። እጆቹ ተዘርግተዋል። ዙሪያውን ጫፋቸው የሾለ ቢጫ ነገሮች ተበትነዋል። ደረቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ አለች። አለቀ። ለአንድ ትልቅ አፈ ታሪክ አራት ቀለም።

ታሪኩን ለማታውቁት ላውጋችሁ። የጥንት ግሪኮች እንደሚሉት ዴዳሉስ የሚባል እጅግ የተዋጣለት ባለሙያ ነበር። በቀርጤስ ደሴት ለንጉሥ ሚኖስ መውጫው የማይገኝ ጥምዝምዝ ሕንፃ ሠራ። ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ የሆነው ሚኖታውር የታሰረው እዚያ ውስጥ ነው። በኋላ ንጉሡ ዴዳሉስን ራሱን ከነልጁ ከነኢካሩስ አገተው። ባሕሩም የብሱም የንጉሡ ነው። ያልተዘጋው ሰማዩ ብቻ ነበር። አባትየው የወፍ ላባ ሰበሰበ፣ በሰም አያያዘ፣ ለራሱም ለልጁም ክንፍ ሠራ። ከመነሳታቸው በፊት መከረው። "ዝቅ ብለህ አትብረር፣ የባሕሩ ርጥበት ላባውን ያከብደዋል። ከፍ ብለህም አትብረር፣ ፀሐይ ሰሙን ያቀልጠዋል።" ልጁ መብረር ጣመው። ወጣ፣ ወጣ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ኢካሪያ የምትባል ደሴት ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከ2,000 ዓመት በፊት ይህን በግጥም አስፍሮታል። ከዚያ ወዲህ ያልሣለውና ያልቀረጸው የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አባትየው የሰጠው ምክር ሁለት ነው። እኛ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ስንተርክላችሁ ግን "ከፍ አትበል" የሚለውን ብቻ ነው የምንነግራችሁ። "ዝቅ አትበል" የሚለው ይዘነጋናል። ለምን እንደሆነ እገምታለሁ። ወጣት ዝቅ ብሎ ሲበር ማንንም አያስደነግጥም።

አሁን ወደ ስልካችሁ ተመለሱና ከታሪኩ ውስጥ ማቲስ ያስቀረውን ፈልጉ። አባትየው የት አለ? የለም። ንጉሡ፣ ደሴቱ፣ ሕንፃው? የሉም። ላባ የለም። ሰም የለም። ባሕር የለም። ይባስ ብሎ ፀሐይዋም የለችም። ቢጫዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ሰም የሚያቀልጡ አይመስሉም። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ነው ብለን የምናስበው ሁሉ ወጥቶ፣ የቀረው አካል፣ ሰማይና ልብ ነው።

ከዚህ ጎን ሌላ ሥራ ልጠቁማችሁ። ብራስልስ ሙዚየም ውስጥ በፒተር ብሩገል ስም የሚታወቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ርዕሱ የኢካሩስ መውደቅ ነው። እዚያ ላይ ገበሬ ያርሳል፣ እረኛ በጎቹ መሃል ቆሟል፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ መርከብ ሸራውን ዘርግቶ ይሄዳል፣ ፀሐይ አድማሱ ላይ ናት። ኢካሩስስ? ከታች ጥግ ላይ ውኃ ውስጥ የሚንፈራገጡ ሁለት እግሮች። ካልፈለጋችሁት ያመልጣችኋል። ይህን ያነሳሁት ነገር የበዛበት ሥዕል ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትሉኝ ነው። ገበሬው እዚያ የገባው ለጌጥ አይደለም። ቀና ብሎ ስለማያይ ነው። እረኛውም ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ሁሉም ሥራ አለው፤ የዓለምን ግድ የለሽነት ነው የሚያሳየው። እኔ ከሐውልቱ ጋር የተጣላሁት ሐውልት ስለሆነ አይደለም። ካፌው ውስጥ ሥራ ስለሌለው ነው።

ማቲስ ነገሮቹን በማውጣቱ ምን አገኘ? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ባሕሩን ሲያወጣው ልጁ እየወደቀ ይሁን እየወጣ አናውቅም። እዩት። ይወድቃል ካላችሁ ይወድቃል። ይጨፍራል ካላችሁ ይጨፍራል። አባትየውን ሲያወጣው ተግሳጹ አብሮ ወጣ። ልጁ ጥፋተኛ መሆኑ ቀረና ልቡ የሚመታ ሰው ብቻ ሆነ። ከዚህ በፊት በ1943 ለአንድ መጽሔት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር። እዚያ ላይ አካሉ ነጭ ነው፣ ከኋላው ጥቁር አለ፣ ርዕሱም "የኢካሩስ መውደቅ" ይላል። ስልካችሁ ላይ የከፈታችሁት፣ በኋላ በመጽሐፍ የወጣው ግን "ኢካሩስ" ብቻ ነው። መውደቁንም ከርዕሱ ላይ አንስቶታል። ሰውዬው ሲያወጣ እስከ መጨረሻው ነው።

መጽሐፉ "ጃዝ" ይባላል። በ1947 ፓሪስ ውስጥ ወጣ። 20 ሥዕሎች አሉት፣ "ኢካሩስ" ስምንተኛው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ የታሰበው ስለ ሰርከስ ነበር። ስለዚህ ቀልደኛ አለ፣ ሰይፍ የሚውጥ ሰው አለ፣ ቢላ ወርዋሪ አለ፣ ከገመድ ገመድ የሚወረወሩ አክሮባቶች አሉ። አየር ላይ ያለ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ኢካሩስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አሳታሚው ቴሪያድ ግሪካዊ ነው። የሌስቦስ ደሴት ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ ላይ ሚጢሊኒ የምትባል ከተማ ታስታውሱ እንደሆነ፣ የዚያች ከተማ አካባቢ ተወላጅ ነው። ፓሪስ የሄደው ሕግ ሊማር ነበር። የሚገርመው ማቲስም ሕግ የተማረ ነው። ወላጆቻችሁ "ሥዕል እንጀራ አይሆንም" የሚሏችሁ ካላችሁ ይህን ታሪክ አቆዩት፣ ይጠቅማችኋል።

በሥዕሎቹ መሃል ማቲስ ራሱ በብሩሽ የጻፈው ጽሑፍ አለ። ትልልቅ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀለሞቹ ተደራርበው ዓይን እንዳያደክሙ መሃላቸው ማረፊያ ይሁን ብሎ ነው የጻፈው። ለሥዕሎቹ ማጀቢያ ነው ይላል ራሱ። እና ከኢካሩስ አጠገብ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ? ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች በአውሮፕላን ረጅም ጉዞ እንዲያደርጉ ቢደረግ አይሻልም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እስኪ አስቡት። ለሁለት ሺህ ዓመት ለወጣቱ "ከፍ አትበል" ሲባልበት የኖረው ታሪክ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ "ወጣቶቹን አብርሯቸው" ብሎ ይጽፋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ስለ በረራ ያወራል። ከደመና በላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው መሬት ላይ ሰማዩ ሲጠቁርበት ያን ያህል አይከብደውም፣ ከደመናው ጀርባ ፀሐይ እንዳለች ያውቃልና ነው ሐሳቡ። ፀሐይዋ እዚህ መጣች እንግዲህ። ሰም አቅላጭ ሆና ሳይሆን በደግነት። ከእናንተ ውስጥ አውሮፕላንን የሚያውቀው ቦሌ ዘመድ ሲሸኝ ብቻ የሆነ ብዙ ነው። እኔ ትኬት ልገዛላችሁ አልችልም። ግን የተነገራችሁን ታሪክ ሁሉ ከነተግሳጹ መውሰድ ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ ገጽ ልታዩ ትችላላችሁ። ከደንበኛ ለምትቀበሉት ትእዛዝም ይሠራል። "ኢካሩስን ሣልልኝ" ያለ ሁሉ "ፀሐይን ሣልልኝ" ማለቱ አይደለም።

አሁን የሰውዬውን ሁኔታ እዩ። ማቲስ በ1869 መጨረሻ ሰሜን ፈረንሳይ ተወለደ። ያደገበት ከተማ የሸማኔዎች ከተማ ነው፤ ስለ ጨርቅና ስለ ቀለም ያለው ፍቅር ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። አባቱ የእህልና የዘር ነጋዴ ነበር። ልጁ ሕግ ተማረ፣ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ታሞ ተኛ፤ እናቱ ጊዜ ማሳለፊያ ብላ የቀለም ሳጥን አመጣችለት። በዚያው ቀረ። እሱን አልፋለሁ፣ ሁሉም የሚያወራው ነው።

የበለጠ የሚገርመኝ ሁለተኛው ሕመም ነው። በጥር 1941 ሊዮን ከተማ ውስጥ በካንሰር ምክንያት ሆዱን ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 71 ዓመቱ ነበር። ሐኪሞቹም ይተርፋል አላሉም። ተረፈ። ያስታመሙት መነኮሳት "ከሞት የተነሳው" የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ከአልጋና ከተሽከርካሪ ወንበር አልወጣም። ሸራ ፊት ለሰዓታት ቆሞ መሣል አከተመ። ጦርነቱም ነበር። ፈረንሳይ በናዚ እጅ ናት። በ1944 ባለቤቱና ልጁ ማርጋሪት በናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ በጌስታፖ፣ ተያዙ። ማርጋሪት ተሠቃይታለች፤ የተረፈችው ለጥቂት ነው። አንዳንድ ተመልካቾች እነዚያን ቢጫ ነገሮች ኮከብ ሳይሆን አየር ላይ የሚፈነዳ ጥይት ናቸው ይላሉ። ሁለቱንም መሆን የሚችሉ ይመስለኛል። ማቲስ ኮከብ ነው ብሎ ጨረቃ ቢጨምርበት ኖሮ ይህ ንባብ አይኖርም ነበር። ሲያወጣ ለእኛ ቦታ ለቀቀልን።

ታዲያ የማይቆም ሰው እንዴት ይሠራል? መቀስ አነሳ። ረዳቶቹ ወረቀት ጓሽ በሚባል ቀለም ይቀቡለታል። ጓሽ ትምህርት ቤት "ፖስተር ከለር" ከምንለው ጋር ተቀራራቢ ነው። ውፍር ያለ፣ የማያብረቀርቅ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ነው። ወረቀቱ ሲደርቅ ማቲስ ይዞ ይቆርጠዋል። በእርሳስ አይነድፍም። በቀጥታ በመቀሱ። ከዚያ ረዳቶቹ፣ በተለይ ሊዲያ ዴሌክቶርስካያ፣ ቁራጮቹን በስፒል ይሰኩለታል። "ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ይላል። ይነቀላል፣ እንደገና ይሰካል።

ይህን አሠራር በደንብ አስቡበት፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር ያስረሳችሁ ነገር እዚህ አለ። ኮንትሮል ዜድ ሁሉን ነገር እኩል ያደርገዋል። መስመሩም፣ ቦታውም፣ ቀለሙም ይመለሳል። በመቀስ ግን ሁለት ዓይነት ውሳኔ አለ። የተቆረጠው ተቆርጧል፤ ጠርዙ ላይ የእጅህ ፍጥነትና ድፍረት ይቀራል። የት ይቀመጥ የሚለው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ክፍት ነው። ማቲስ በቁርጡ ፈጣን ነበር፣ በአቀማመጡ ግን እስኪሰለች ያመነታ ነበር። እናንተ ላይ የማየው ግልባጩ ነው። ቅርጹን ስታስተካክሉ፣ ነጥብ ስትጎትቱ፣ ጠርዝ ስታለሰልሱ ሳምንት ይሄዳል። የት ይቀመጥ የሚለው በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ያውም መሃል ላይ። አንድ ቀን ገልብጣችሁ ሞክሩት። ቅርጹን በአንድ ትንፋሽ ሥሩና ቦታ ፍለጋው ላይ ቆዩ።

እዚህ ጋ ከእናንተ አንዱ "ይሄማ ቀላል ነው፣ የእህቴ ልጅም ይሠራዋል" ሊል ነው። ሰምቼዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ባልቲሞር ከተማ ያለ አንድ የማቲስ ሥዕል አለ፣ በ1935 የሠራው፣ የተጋደመች ሴት ናት። ሲሠራው 22 ጊዜ ፎቶ አስነስቶታል። ፎቶዎቹ ስላሉ ሂደቱን ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ሴትየዋ እንደማንኛውም ሰው ናት። ክፍል አለ፣ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። ቀስ እያለ ወንበሩ ሊታወቅ እስከማይችል ድረስ ይቀንሳል። ክፍሉ ተራ መስመር ይሆናል። ገላዋ እየተዘረጋ ሸራውን ይሞላል። እየሄደ ሳለም ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ ሸራው ላይ በስፒል እየሰካ ይሞክር ነበር። መቀሱ ማቲስ ሲታመም ድንገት የመጣለት አይደለም ማለት ነው። ኢካሩስን የቆረጠው እጅ ከዚያ በፊት ለሃምሳ ዓመት የሰው ገላ ሲሥል የኖረ እጅ ነው። የጉልበት መታጠፊያ የት እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ጉልበት ሳይሥል እግሩ ይታጠፋል። የእህትህ ልጅ ጥሩ ይቆርጥ ይሆናል፤ ነገ ድገመው ስትለው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያመጣልህ።

ስለዚህ "ሚኒማል" የምትሉት ነገር ላይ ትንሽ ቁጥብ ነኝ። አንድ ክብ፣ አንድ መስመር፣ ብዙ ነጭ ቦታ፣ አለቀ። ምን ነበረ ምን ወጣ ስላችሁ መልስ የለም። ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መጀመሪያ ሙሉውን ሥሩት። ጀበናውን በደንብ ሥሩት፣ ከነአንገቱ፣ ከነክዳኑ። ሲኒውንም ሥሩት። ከዚያ አንድ በአንድ አውጡና እያንዳንዱን ደረጃ አስቀምጡ። ፋይሉን አትደምስሱ፣ በቁጥር አስቀምጡት። ደንበኛው "ይህቺን ለመሥራት ነው ይህን ያህል ገንዘብ?" ሲል የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። የምሬን ነው፣ ይህ ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

አሁን ወደ ምወደው ነገር ልግባ፣ ወደ ህትመቱ። ታገሱኝ፣ ይህን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቴሪያድ ቁርጥራጮቹን ወደ መጽሐፍ መቀየር ፈለገ። ተራ የቀለም ህትመት እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ሲያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች ጎን ለጎን ይታተሙና ዓይናችን ያዋህዳቸዋል። ማቲስ የቀባው ሰማያዊ ግን በነጥብ የሚገኝ ሰማያዊ አይደለም። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ቀዳዳ የሌለው ሰማያዊ ነው። በመጨረሻ የተመረጠው ፈረንሳዮቹ ፖሹዋር የሚሉት ዘዴ ሆነ። ስቴንስል ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ቅርጹ ከስስ ብረት ላይ ተቆርጦ ይወጣል። ብረቱ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ በብሩሽ ይመታበታል፣ ብረቱ ይነሳል፣ ይደርቃል፣ ሁለተኛው ቀለም ይቀጥላል። ቀለሙ ደግሞ የማተሚያ ቀለም አይደለም። ማቲስ ራሱ የተጠቀመበት ጓሽ ነው። እዚህ አገር ቲሸርት በሲልክ ስክሪን የምታትሙ ልጆች ወዲያው ይገባችኋል። አንድ ቀለም፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ጊዜ። እና አንዱ ቀለም በሚሊሜትር ከሸሸ መሃሉ ላይ ነጭ ይስቃል።

ይህን የሠራው ኤድሞን ቬሬል የሚባል ባለሙያ ከሠራተኞቹ ጋር ነው። ለሽያጭ የቀረበው 250 ቅጂ ነበር። 20 ሥዕል በ250 ቅጂ አባዙት፤ 5,000 ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ደግሞ ብዙ ቀለም አለው፣ እያንዳንዱ ቀለም በእጅ ነው። የብሩሽ ጽሑፉን ድራጌር የተባለው ማተሚያ ቤት አተመው። ከዚህ ሌላ ጽሑፍ የሌለው 100 አልበም ወጣ። ያቺ ደረት ላይ ያለች ቀይ ነጥብ እያንዳንዷ በሰው እጅ የገባች ናት። ስሟን የማናውቀው የአንዲት ወይም የአንድ ሠራተኛ እጅ።

ማቲስ ግን አልተደሰተም። መጽሐፉ ሲወጣ ሰው ወደደው፣ እሱ ደግሞ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ህትመቱ ከሽፏል አለ። ቀለሙ ያው ቀለም፣ ቅርጹ ያው ቅርጽ፣ ግን የሆነ ሕይወት ጠፍቷል ነው ቅሬታው። በሙያዬ ይህን እረዳዋለሁ። የተቆረጠ ወረቀት ውፍረት አለው፤ ጠርዙ ትንሽ ይነሳል፣ ከሥሩ ጥላ ይጥላል። የብሩሹ አካሄድ ይታያል። የስፒል ቀዳዳ አለ። ህትመቱ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ደረጃ ላይ ይተኛል። ልክ ነው፣ ጠፍቷል። ነገር ግን እኔ ከማቲስ ጋር እስከ መጨረሻው አልስማማም። ኦሪጅናሉ አንድ ቦታ ነው ያለው። ያ "የከሸፈ" ህትመት ባይኖር እኔና እናንተ ዛሬ ስለዚህ ሥዕል አናወራም። አታሚ ሁሌም አንድ ነገር ማጣቱ አይቀርም። ጥያቄው የትኛውን እናጣ የሚለው ነው። ቬሬል ውፍረቱን ሠዋ፣ ቀለሙን አዳነ። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ቅሬታው ደግሞ ለማቲስ ራሱ ጠቀመው። ከዚያ በኋላ የወረቀት ቁራጮቹን ለህትመት ማዘጋጃ ብቻ አድርጎ ማየቱን እየተወ መጣ። ራሳቸውን የቻሉ ሥራዎች ሆኑ። እየተለቁ ሄደው የክፍሉን ግድግዳ ሞሉት። በደቡብ ፈረንሳይ በ1951 የተመረቀው የቫንስ ጸሎት ቤት የመስታወት መስኮቶችም ንድፍ በዚሁ በመቀስ የተሠራ ነው። በ1954 እስኪሞት ድረስ ሲቆርጥ ነበር።

ሥራችሁ ሲታተም ከልብ የማትደሰቱበት ቀን በጣም ብዙ ነው። ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ወረቀቱ ቀለሙን ይመጥጣል፣ ቢጫው ይረግባል። ያኔ አታሚውን አትሳደቡ። ማሽኑ አጠገብ ቁሙና ከሙከራው ወረቀት ላይ አንድ ቅጠል ውሰዱ፣ ስክሪናችሁ ጎን አስቀምጡትና ምን እንደጠፋ በዝርዝር ጻፉ። በሚቀጥለው ሥራ ላይ ማሽኑ ሊያጠፋው የማይችለውን ነገር ብቻ ይዛችሁ ኑ። በነገራችን ላይ የአታሚውን ስም ጻፉ። ስለ "ጃዝ" ስናወራ የቬሬል ስም ይነሳል። በእኛ አገር ስንት ቆንጆ ፖስተር አየሁ፣ ማን እንዳተመው የማይታወቅ። ዲዛይነሩ ስሙን ጥግ ላይ አስቀምጧል፣ ሌሊቱን ቀለም ሲያመጣጥን ያደረው ሰው የለም። ይህ ያናድደኛል። ጡረታ ብወጣም ያናድደኛል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ኒው ዮርክ ወይም ፓሪስ፣ "ጃዝ" ያላቸው ትልልቅ ሙዚየሞች አጠገባችሁ ናቸው። ብርሃን ወረቀትን ስለሚጎዳ ሁልጊዜ አይሰቀልም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ገጹ በቁመቱ 42 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስልክ ላይ ካያችሁት ጋር አይገናኝም። አጠገቡ ስትደርሱ የብሩሹን ምልክት ፈልጉ፣ ፖሹዋር ላይ አንዳንዴ ይታያል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ስልኩ ይበቃችኋል። ብቻ ብርሃኑን ከፍ አድርጉትና በአግድም አትያዙት።

የቤት ሥራ ሳልሰጥ አልለቃችሁም።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የተሣለበትን ባህላዊ ሥዕል አይታችኋል። ፒያሳም ቸርችልም የስጦታ ዕቃ መደብር ውስጥ ተሰቅሏል። ዘንዶው አለ፣ ነጋዴው ታምሪን አለ፣ ግመሎቹ፣ ጉዞው፣ ንጉሥ ሰሎሞን፣ ማዕዱ፣ ውኃው፣ ቀለበቱ፣ ልጁ ምኒልክ። የዚያ ሥዕል ጥበቡ ሁሉንም ማሳየቱ ነው፣ አልነካበትም። እናንተ ግን ከእነዚያ ክፍሎች አንዷን ብቻ ምረጡ። ሌሊት የተጠጣችዋ ውኃ ትሆናለች፣ ቀለበቱ ይሆናል፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ወረቀት ግዙና በፖስተር ከለር ራሳችሁ ቀቡ። ሦስት ቀለም ይበቃል፣ ከመደቡ ጋር አራት። እርሳስ አትንኩ። ቁረጡ፣ በስፒል ግድግዳ ላይ ሰኩ፣ ሦስት ቀን ቦታ እየቀያየራችሁ ተዉት። በየቀኑ አንድ ነገር አውጡበት እንጂ ምንም አትጨምሩበት። ሲያልቅ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ርዕሱን ሳትነግሩት አሳዩት። ምን እንዳየ ይንገራችሁ፣ አታርሙት፣ ጻፉት። ከዚያ ሥራውንም የጻፋችሁትንም ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። ከሰዓት በኋላ ቤት አልጠፋም።